ከላይ ያየሁት ሳር

አፍደምን፣ ያችን የሐዲድ ዳር ከተማ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የማውቃት ከሰማይ ነበር። እግሬ ሳይረግጣት፣ አቧራዋ ጫማዬ ላይ ሳያርፍ፣ ጅግጅጋ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ቁልቁል አያት ነበር። ሳተላይቱ በየጥቂት ቀኑ ያልፍባታል፤ ያየውን እኔ አወርዳለሁ፣ ያውም ኢንተርኔቱ ከፈቀደ። ሐዲዱ እንደ ክር ቀጥኖ፣ የደረቁት ወንዞች ነጭ ሆነው፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ ብልጭ እያለ ይታየኛል። ድምፅ የለም። ግመል አይታይም፣ ሰው አይታይም። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚታየው መሬቱና የለበሰው ልብስ ብቻ ነው፤ የኔ ሥራ ደግሞ ልብሱን መለካት ነበር፤ የት ሳስቷል፣ የት ተቀዷል፣ የት ገና አዲስ ነው።

ጅግጅጋ የመጣሁት በ2011 መስከረም ነው። ከተማዋ ሱቅ ከተዘረፈበት፣ ቤት ከተቃጠለበት ከዚያ ከክፉው ክረምት ገና ትንፋሿን ስትሰበስብ ነበር። እናቴ «እዚያ ድረስ ሄደሽ ምን ልትሠሪ?» ብላ አለቀሰች። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ ያሳደገኝ፣ ቶሎ ግንፍል የምል፣ አፌ የማያርፍ። ካርታ ሥራ ተምሬ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ከጠመኔ ጋር ተጣልቼ፣ የግጦሽ ካርታ የሚሠራ ባለሙያ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ ተወዳደርኩ። ሌላ የፈለገው ሰው ስላልነበረ መሰለኝ፣ አለፍኩ።

እኩለ ቀን ላይ ጅግጅጋ ሱቁን ዘግታ ጋደም ትላለች። ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ነፋሱ ብቻ ነው የማያርፈው። ያን ሰዓት እወደው ነበር። ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔ ቢሮ ቀርቼ ምስሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረብኩ፣ ከሀርሺን ሜዳ እስከ አፍደም ያለውን አገር ስዞረው እውላለሁ። አንዳንዴ ወንበሩ ላይ መቀመጤን እረሳለሁ። እዚያ ላይ የምኖር፣ የማልጠማ፣ የማልደክም፣ ከደመናው በላይ ሆኜ ወራቱ ሲለዋወጡ የማይ ይመስለኛል። ጥር ይነጣል፣ ሚያዝያ ይለመልማል፣ ሰኔ መልሶ ይነጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ትንሽ ያባልጋል፤ ሁሉን ያየሁ ይመስለኝ ጀመር።

ቢሮው ውስጥ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የአፍደም ልጅ ናት። እኔ ካርታውን እሠራለሁ፤ እሷ ታትሞ ማህተም ሲመታበት ይዛው ትወርድና ለሽማግሌዎቹ በሶማልኛ ታስረዳለች። ዓመት ሳይሞላን እህትማማች ሆንን። «ወላሎ» ትለኛለች፤ እዚያ ወንድምም እህትም የሚጠራበት የፍቅር ቃል ነው። እኔ ፕሪንተሩን ስሰድብ እሷ ዝም ብላ ከፍታ የተጣበቀውን ወረቀት ታወጣለታለች። እንዲህ ነበርን።

አባቷ በአካባቢያቸው የታወቁ ሳሃን ወጪ ነበሩ። መንደሩ ከብቱን ይዞ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ አገሩን አይቶ ይመለሳል፤ ሳሃን የሚሉት ይህን ነው። ሳር አለ ወይ፣ ውሃው ስንት ቀን ያቆያል፣ በሽታ አለ ወይ፣ ማን ሰፍሯል፣ ሁሉንም በዓይኑ አይቶ ይመጣል። ሲመለስ መጀመሪያ ወተት ይሰጡታል። ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ማንም ሳያቋርጠው ይናገራል። ቃሉን ከሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ልኮ ማጣራት የለም። ማጣራት «ዋሽተሃል» ማለት ነው፤ በነሱ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጃቸው ናት። ያኔ እንደ ጥሩ ጨዋታ ሰምቼ አለፍኩት።

እሳቸውን ያወቅኳቸው በ2012 ታኅሣሥ፣ አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሰማይ የላከች ሰሞን ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ጅግጅጋ መጥተው ነበር። ቢሯችን በር ላይ ያለችው ሻይ ቤት ለሁለት ተከፍላለች። ግማሹ «ሕዝብ እየተራበ ሰማይ ላይ ብረት ማንጠልጠል ምን ይሉታል?» ይላል። ሌላው «ዝም በል፣ ኩራት አይገባህም» ይላል። እኔ መቼም ዝም አልል፤ ተነስቼ የሚራበውን ሰው ቀድሞ ለማወቅ ነው እኮ፣ ዝናብ የቀረበትን አገር ከሩቅ ለማየት ነው እኮ፣ እያልኩ ብርጭቆ እስኪንቀጠቀጥ ጠረጴዛ መታሁ። አሁንም ያልኩት ልክ ነበር እላለሁ። ልክ ያልነበረው ቀጥሎ ያልኩት ነው።

ሽማግሌው ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ናቸው። ከድሮው ባቡር ዘመን የተረፈች የገበያ አማርኛ አለቻቸው። «አዴር» ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ አጎቴ ማለት ነው። የሚገርመው እሳቸውም መልሰው «አዴር» አሉኝ። እዚያ አገር አጎት የወንድሙን ልጅ በራሱ መጠሪያ መልሶ ይጠራል፤ ደስ ይለኝ ነበር። የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያዳምጡኝ ቆዩና አንድ ነገር ጠየቁ።

«ሰውን ያያል?»

«ሰው ምን ያደርጋል አዴር? ሳሩን ካየ መች አነሰ? ሰው እንደሆነ ሳሩን ተከትሎ ይሄዳል» አልኳቸው።

ሻይ ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሻያቸውን ጠጡ።

በዓመቱ ያ የተመካሁበት ነገር ሠራ። አገሩ ሁሉ ነጥቶ ሳለ ከአንድ ኮረብታ ጀርባ ትንሽ አረንጓዴ አየሁ። ካርታው ወረደ። መንደሩ ወረቀት አላመነም፤ አዴር ዱላቸውን ይዘው ሄዱ፣ አይተው ተመለሱ። «ወረቀቱ አልዋሸም» አሉ። ከዚያ በኋላ ዘመዶቻቸው የሽማግሌውን እግር ምን ያደክመዋል፣ ከሰማይ የሚያይ እያለ፣ ማለት ጀመሩ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ስትወርድ የሳሃን ወጪውን ወተት ለሷ ይሰጧት ጀመር። ያን ቀን ስትመለስ ፊቷን ማየት ነበር። «አባቴ በራሱ እጅ ሰጠኝ ወላሎ፤ ሴት ልጅ ያን ወተት ስትጠጣ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ» አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ አይቸግረኝም። አዴር ጡረታ ወጡ ማለት ነው፤ እሳቸውን ግን ማን ጠየቃቸው?

በ2014 ዝናቡ ቀረ። ይመጣል ሲባል ቀረ፣ በሚቀጥለው ይካሳል ሲባል ያም ቀረ። ስክሪኔ ላይ ያለው አገር ነጥቶ ነጥቶ አጥንት መሰለ። አለቃችን በየቀኑ «አንድ ነገር ፈልጊ እንጂ» ይለኛል፤ እኔ አፈር ውስጥ የቀበርኩት ይመስል። እንደ ሕልም የቀረኝ የዚያን ሰሞን ቀትር ነው፤ ዓይኔ እስኪያብጥ ስፈልግ፣ ከአፍደም ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ሜዳው ዝቅ ከሚልበት፣ ሰፊ፣ ድፍን ያለ ለምለም ቦታ አገኘሁ። በሌላ ቀን ምስል አየሁት፤ አለ። በሦስተኛውም አለ። ተነስቼ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ።

በየካርታችን ግርጌ «በመስክ ያልተረጋገጠ» የምትል ጽሑፍ አለች፤ ጉንዳን ታክላለች። እኔው ነኝ ያሳነስኳት፤ ካርታውን ታበላሽብኛለች ብዬ።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ከስብሰባው መሃል ደወለችልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የባቢሌ ለውዝ ተዘርግፏል፤ እየፈለፈልኩ ነው ያነሳሁት።

«ወላሎ፣ አባቴ እየጠየቀ ነው። ሰው በእግሩ ሄዶ ቆሞበታል ወይ ይላል። አልቆመበትም ልበል?»

ጠዋት ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ ነበር፤ ሰበብ አይሆንም፣ ግን እንደዚያ ነበር። «ምን ማለት ነው አልቆመበትም? እርግጠኛ ነው በያቸው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ደግሞ! ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ እያልኩሽ። በያቸው።»

ከዚያ በሶማልኛ ስትናገር ሰማኋት፤ ድምፅዋ ጠንካራ ነበር፣ የኔን ጥንካሬ ተውሳ። ቀጥሎ የሰዎቹ ማጉተምተም፣ ከሩቅ የፍየል ጩኸት መጣ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ለውዜ ተመለስኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ግን የተናገርኩት በሰው አፍ ስለነበር አፋፉ አልታየኝም።

ያ ለምለም ነገር ሳር አልነበረም። ፕሮሶፒስ ነበር፤ በረሃውን ያልብስ ተብሎ ከባሕር ማዶ የመጣው እሾሃም ዛፍ። ሥሩ ጥልቅ ወርዶ ስለሚጠጣ ሌላው ሲደርቅ እሱ አይደርቅም። ከሥሩ ሳር አያበቅልም፤ ቅጠሉን ከብት አይነካም። ፍሬው ይበላል፣ ግን በባዶ ሆድ የበዛበት ከብት ይነፋና ይወድቃል። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። በዚያ ድርቅ እንደዚያ የለመለመ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ አውቀው ነበር፤ ደስታዬ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠኝም።

የመንደሩ ቤተሰቦች አራት ቀን ተጉዘው ደረሱ፤ ሲደርሱ እሾህ። ለመመለስ አቅም ያጣው ከብት እዚያው ቀረ። ከአዴር ግመሎች የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ ቤታቸውን ስትጭን የኖረችው፣ በስሟ እየጠሩ የሚያዋሯት ግመል አልተመለሰችም። ሰው አልሞተም። ይህን እስክሰማ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።

ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«አባትሽ ተቆጡሽ?» አልኳት።

«አልተቆጣም። ያናግረኛል፣ ምግብ በላሽ ወይ ይለኛል።» እጇን አየች። «ወሬ አይጠይቀኝም።»

ጅግጅጋ የኖረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ሶማሌዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚለዋወጡት ወሬ ነው። እስካ ወረን ይባባላሉ፤ ስለራስህ አውራኝ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ አለ፣ ሰላም አለ? የተጠየቀው በረጅሙ ይመልሳል፣ ጠያቂውም በየመሃሉ እያዳነቀ ይሰማል። ወሬ የማይጠየቅ ሰው ቃሉ የሞተ ሰው ነው። አባቷ እንጀራ አልከለከሏትም፣ ፊታቸውን አላዞሩባትም፤ ቃሏን ብቻ አልፈለጉም። ያ ወተት የተሰጠው አፍ አሁን ምግብ በላሽ ወይ ብቻ ይጠየቃል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አለቃዬን ሳላስፈቅድ ነው ወደ አፍደም የተነሳሁት፤ ቅጣቱን በኋላ ተቀበልኩ። ልጅቷ አትሂጂ አላለችም፣ እሄዳለሁም አላለች፤ መኪናው ሊነሳ ሲል መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ባቢሌ ላይ ሾፌሩ ወርዶ ለውዝ ገዛና ለሁላችንም አደለ። እኔ እጄ ላይ ያለውን እያየሁ ሐረር ደረስኩ፣ መብላት አልቻልኩም። በድሬዳዋ አድርገን፣ በሐዲዱ ጎን ጎን ሄደን፣ ከሰዓት በኋላ አፍደም ገባን።

ያን ሰዓት እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ሕልም ላይ የሚያውቁት ቤት ውስጥ በቁም እንደመግባት ነው። ሐዲዱን አወቅኩት፤ ክር ግን አይደለም፣ ሲረግጡት የሚያቃጥል ብረት ነው። ነጭ ወንዙን አወቅኩት፤ ውስጡ ሴቶች ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይጠብቃሉ። ከሰማይ ብልጭ የሚልብኝን ቆርቆሮ አወቅኩት፤ ከሥሩ አንዲት ሴትዮ ሕፃን አዝላ ከሰል ትሸጣለች። ለካ አፍደም ድምፅ አላት። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ሦስት ዓመት የተቀመጥኩበትን ቦታ ፈለግኩ። ባዶ፣ ንጹሕ፣ ሰማያዊ ነበር፤ ምንም የለበትም።

ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። አዴር መሃል ናቸው። ከስተዋል። ቆሜ «እርግጠኛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ልጠይቅ ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ በይ ያልኳት። ቃሉ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም» አልኩና ወደሷ ዞሬ «ተርጉሚ» አልኳት።

አልተረጎመችም። መሬት መሬቱን እያየች ቆመች። ለራሷ መመስከር የሆነባት ይመስለኛል። አዴር እጃቸውን አነሱ።

«ገብቶኛል» አሉ በዚያች በገበያ አማርኛቸው። ለሽማግሌዎቹም ያልኩትን ራሳቸው በሶማልኛ ነገሯቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ቃሉ ያንቺ ነው፣ እሺ። አፉ የሷ ነው።»

እኔ ደግሞ መናዘዝ ሁሉን የሚያጥብ መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

ወሬው የተሳሳተበት ሳሃን ወጪ አይቀጣም፤ ያመሰገነውን አገር ሄዶ ያያል። ይህን ነው የፈረዱብኝ። በማግስቱ ሌሊት፣ ገና በእኩለ ሌሊት ተነሳን፤ መኪናው ከሚደርስበት አድርሶን ቀሪውን በእግር ሄድን። አዴር ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ልጅቷ ከኔ ኋላ። እሳቸው አንዷን ኮከብ በዱላቸው እያሳዩ፣ እሷ እዚህ ላይ ስትሆን ይህን ያህል ሌሊት ከዝናብ ይቀረናል ይላሉ፤ ያችኛዋ ስትዘቀዝቅ ሴቷ ግመል ወንድ ትፈልጋለች። እኔ ስንት ዓመት ከላይ ወደ ታች ሳይ፣ እሳቸው ከታች ወደ ላይ ሲያዩ ኖረዋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ መሃል መንገድ ላይ የተገናኘን መሰለኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲል የምሄድበትን አስታወስኩ።

ሲነጋ ደረስን። ለምለም ነው፤ ይህን አልዋሸሁም። ዓይን እስከሚያይ ድረስ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ባዶ አፈር። እሾሁ በጫማዬ ሶል ገብቶ እግሬን ወጋኝ። የከብቶቹ አጥንቶች ጠርዝ ላይ ነበሩ፣ ወደ ውስጥ መግባት እንኳ ያቃታቸው። አዴር ከአንዱ አጠገብ ቆመው የግመሏን ስም ጠሩ፤ እንደሚጠሯት ቀስ ብለው።

«እዚህ ልመጣ ነበር» አሉኝ ዱላቸውን ተደግፈው። «አንቺ በስልክ ያልሽ ቀን ዱላዬን አነሳሁ። ከሄድኩ ልጄን ውሸታም ማለቴ ነው። ወተቱን በእጄ አጠጥቻት። ዱላዬን አስቀመጥኩ።»

ልጅቷ ከኋላችን ሰምታለች። ይህን እሷም የሰማችው ያኔ ነው። ዞራ ራመድ አለችና ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሳላፍር፣ አፍንጫዬን ሳልጠርግ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኚህ ሰው ግን ጠርጥረው ነበር፤ ስለ ልጃቸው ሲሉ ነው የተመነጠሩት።

አዴር እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «አሁን ያየናል?»

«ዛፉን ያያል፤ እኛን አያየንም አዴር» አልኩ።

«እ» አሉና መንገዱን ጀመሩ።

ከተመለስኩ በኋላ ያችን የጉንዳን ጽሑፍ ከግርጌ አንስቼ ካርታው አናት ላይ፣ ከርዕሱ በላይ፣ በደማቁ ጻፍኳት፤ ቃሉንም ቀየርኩት። «በቦታው ሰው አልደረሰም።» አለቃችን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። «ይህ መሥሪያ ቤቱን ያሳፍራል፣ አንሺው» አለኝ። እሺ፣ ካርታውን ሌላ ሰው ይሥራው አልኩ፤ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በመጨረሻ ማህተሙን መታ፤ ያውም ጽሑፉን ሊሸፍን ፈልጎ እላዩ ላይ ነው የመታው። ቀለሙ ስስ ስለነበር ይነበባል።

ልጅቷ ሥራዋን ቀጠለች። ትወርዳለች፣ ወረቀት ታከፋፍላለች፣ ትመለሳለች። እኔ በተመለሰች ቁጥር ፊቷን አያለሁ፤ አልጠይቃትም። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተጨመረ። ጅግጅጋ ላይ ዘነበ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ፎቅ ተሠራ፤ እኔ ሽበት አወጣሁ። አባቷ ምግብ በላሽ ወይ ይሏታል።

በ2016 መጨረሻ ላይ እነ አፍደም እንደገና ሲነጡ፣ ከምሥራቅ በኩል አንድ አረንጓዴ ቦታ አየሁ። ይህኛውን መላልሼ መረመርኩት። አምና በበጋው ነጥቶ ነበር፤ ዘንድሮ ከዝናብ በኋላ የለመለመ ነው፤ ስለዚህ ዛፉ ሳይሆን ሳር ይመስላል። ይመስላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም፤ እስከዚህ ድረስ ተምሬያለሁ። እሷ ወረደች፤ በስብሰባው መሃልም እንደዚያ ቀን ደወለችና ስልኩን ሳትዘጋው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ እንድሰማ። ሶማልኛዬ የገበያ ነው፤ ግን ያለችው ገባኝ። «ሰው አልደረሰበትም። ከላይ የታየ ነው። እኔ አላየሁትም» አለች። ድምፅዋ የራሷ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው ሲነሳ፣ ዱላ መሬት ሲነካ ሰማሁ። «እንግዲያው እኔ ልይ» አሉ አዴር። ሰባ አልፏቸዋል።

ስድስት ቀን ምንም አልተሰማም። እሷ ቢሮ ተመልሳ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝታ ትሠራለች። እኔ ሥራ ፈትቼ ያን ቦታ ስክሪኔ ላይ ከፍቼ እውላለሁ፤ እሳቸውን የማያቸው ይመስል። አጠጋዋለሁ፣ አጠጋዋለሁ፣ አረንጓዴው ወደ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ይበታተናል፤ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ ላይ በኔ «ይመስላል» ምክንያት ይሄዳሉ። ደግሞ ባይመለሱስ? በአምላክ ስም፣ እንደዚያ ሳምንት ጸልዬ አላውቅም።

በሰባተኛው ቀን፣ ከተማዋ ጋደም ባለችበት ቀትር፣ ስልኩ ጮኸ። ብድግ ብላ ቆማ አነሳችው። «ሃ… ሃ…» ብቻ ነው የምትለው። እስክሪብቶ ፈለገች፣ ሰጠኋት፤ የካርታውን ወረቀት ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። በመሃል እጇ ቆመ። ከዚያ እሷ ተራዋን ስትናገር ቆየች፣ ረዘም አድርጋ፣ ዝግ ብላ፤ ስለ ጅግጅጋ ዝናብ፣ ስለ ወተት፣ ስለ እኔ ሳይቀር ስታወራ ሰማሁ። ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ከወረቀቱ እያነበበች በአማርኛ ነገረችኝ።

«ሳሩ አለ፣ ካርታው ልክ ነው ይላል አባቴ። ውሃውም ለሃያ ቀን ይበቃል። ግን ሰው አለበት። ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ቀድመው ደርሰዋል፤ ሴቶችና ሕፃናት ይበዛሉ፣ የቀራቸው ጥቂት ፍየል ነው። ሳሩ ለነሱ ይበቃል። እኛ ከገባንበት ለማንም አይበቃም። አትምጡ፣ እኔ ኮረብታውን አልፌ ሌላ አያለሁ ብሏል።»

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ያ አረንጓዴ እዚያው ነው፣ ጸጥ ብሎ። ሰውን ያያል ብለው የጠየቁኝ ቀን የሳቅኩት ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«ታዲያ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ለሰዎቹ ልንገራቸዋ። ቃሉን አንቺ አድርሺ ብሎኛል።» ቁጥር መምታት ጀምራ ተወችው። «የአባቴ ወንድም ስልክ አለው እኮ ወላሎ። እዚያው መንደሩ ውስጥ ነው ያለው። ለሱ ደውሎ ሁለት ቃል ቢለው ያልቅ ነበር።»

«እና?»

ወረቀቱን በመዳፏ አስተካከለችው።

«ደግሞ ወሬዬን ጠየቀኝ» አለች።